ስለ ልጅሽ ከንፈር እብጠት

ውድ እኅቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ቢሆነንም፣ የላክሽልኝ መልእክት ስለ ልጅሽ በመሆኑ ሌላውን ወሬ አቆይቼ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እንቁላል በቀመሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከንፈሩ አብጦ ደረቱ ላይ ሽፍታ እንደወጣበት፣ አማትሽም «ምች ነው» ብለው በዳማ ከሴ እንዳሹት ጽፈሽልኛል። በእሳቸው አልፈርድም፤ እዚህ ቱሉ ዲምቱ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ምች፣ ቡዳ ወይም ጥርስ ማብቀል ነው ሲባል ሰንብቶ የሚመጣ ሕፃን ብዙ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው፤ ምን በላ፣ ከበላስ ምን ያህል ቆይቶ ታየበት? ፈጣኑ የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ በሚያሳክክ እብጥ እብጥ ያለ ሽፍታ፣ በዓይን ቆብና በከንፈር እብጠት ወይም በትውከት ይገለጣል። ዘግይቶ የሚመጣም አለ፤ በተለይ የላም ወተት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ደም ወይም ንፍጥ የቀላቀለ ሰገራ ሊያስከትል ስለሚችል፣ እናት ነገሩን ከወተቱ ጋር ለማገናኘት ትቸገራለች። (ለእንዲህ ያለው ልጅ የፍየል ወተት ይሻላል የሚሉሽን አትስሚ፤ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል።)

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለልጆች ገንፎ የሚዘጋጀው የምጥን ዱቄት ነው። ስንዴው፣ አኩሪ አተሩና ኦቾሎኒው አብረው ተፈጭተው ገንፎ ከሆኑ በኋላ ልጁን ያስቆጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አዲስ ምግብ ስታስጀምሪው አንዱን ለብቻው፣ በጥቂቱ፣ ሐኪም በሚገኝበት በጠዋቱ ሰዓት ስጪው። ፈርተሽም ሁሉን አትከልክይው፤ በለንደን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ለአለርጂ ከተጋለጡ ሕፃናት መካከል ኦቾሎኒን ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው የጀመሩት፣ ከተከለከሉት ይልቅ በኦቾሎኒ አለርጂ የተያዙት እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። ያንቺ ልጅ ግን እንቁላል ስላስቆጣው፣ ኦቾሎኒውን ሐኪም ሳታማክሪ አትጀምሪለት።

ጡትሽን ቀጥዪ፤ እንቁላል ያለበትን ሁሉ፣ ኬክና ብስኩቱንም ጭምር፣ ሐኪም እስኪያየው አቁሚለት። ከበላ በኋላ ቢያስለው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ቢል፣ ድምፁ ቢሻክር፣ ወይም ገርጥቶ ቢዝለፈለፍ ግን ለማሸትም ሆነ ሽሮፕ ለመግዛት ሳትቆሚ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፤ ለዚያ ጊዜ ፈጥኖ የሚደርስለት የአድሬናሊን መርፌ ነው። ሽፍታው ዳግመኛ ከወጣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ሊጠፋ ይችላል።

እኅትሽ