ዕቅዱን ብቻሽን አትጻፊው

ይድረስ ለእታለም፣ ኮምቦልቻ

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? እኛ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ብሷል፤ የጦሳ ተራራ ሰሞኑን ከጉም አልወጣም።

ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ነበር። የዩኒቨርሲቲያችሁን የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ በር ዘግተሽ ብቻሽን እየጻፍሽ ነው አለኝ። ምሳም አትበላም አለ። ኃላፊነቱ ሲሰጥሽ ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ይህን ስሰማ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ፣ ብቻሽን አትጻፊው።

እኔ ጽፌ አይቼዋለሁ። ቢኤስሲ የሚሉት የዕቅድና የውጤት መለኪያ ሥርዓት በየመሥሪያ ቤቱ በገባበት ሰሞን ነው። ተገልጋይ፣ ፋይናንስ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማማርና ዕድገት፤ አራቱን ዕይታዎች እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ይዣቸው ነበር። በሦስት ሌሊት 80 ገጽ ጻፍኩ። አለቆቼ አጨበጨቡልኝ። አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ግን ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ቧንቧው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አለኝ።

ላብራቶሪው ውሃ ካጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ተማሪዎቹ ብልቃጡን የሚያጥቡት ከቢጫ ጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ነው። ጀሪካኑን ከታች ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ ራሱ ነው፤ እጀታው መዳፉን አቅልቶት አይቻለሁ። ገጹን አገላበጥኩ። የለም። «የምርምር ልህቀት» ግን 11 ቦታ ተጽፏል። ጡረታ እስክወጣ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። አምና ፒያሳ ሳየው መንገድ ቀየርኩ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቴክኒሻኑን ጠይቂ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ የተማሪዎች ማደሪያ ተቆጣጣሪውን ፕሮክተሩን፣ ተማሪዎቹን ጠይቂ። ከሴኔቱም ከቦርዱም በፊት። ቦርዱ ያጸድቀዋል እንጂ ዕቅዱን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ጊዜ የለም አትበይኝ፤ እኔም ያኔ እንዲሁ ብያለሁ።

«ስጋት» የሚለውንም ሠንጠረዥ «የበጀት እጥረት» ብለሽ እንዳታልፊው። በ2014 በጦርነቱ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍ ያየን ሰዎች ነን። ኮምፒዩተር ተጭኖ ሲሄድ የልጆች ውጤት አብሮ ይሄዳል። መጠባበቂያ ቅጂው ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። ማን እንደሚይዘው፣ ስንት ብር እንደተያዘለትም ይጻፍ።

ቅዳሜ ረቂቁን ይዘሽ ነይ። የሐረጎን ዳገት ሳይመሽ ውጪው፤ ጉሙ ከወረደ መንገዱ አይታይም። ጋቢሽን አትርሺ። እናትሽ ቡናውን ሳትቆላ ትጠብቅሻለች። እኔ መጀመሪያ የማየው የበጀቱን ሠንጠረዥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ግብ ጎን ማንን እንደጠየቅሽ ጽፈሽ አምጪልኝ። ብቻሽን አትጻፊው የኔ ልጅ። ምሳሽንም ብዪ።

አባትሽ
ደሴ