የካረም ክበብ ዘገባ፦ ንግሥት ያለ አጃቢ አትወጣም

የካረም ክበብ የተቋቋመው ዘንድሮ ነው። ካረም ሰሌዳ ላይ ጠጠሮችን በጣት እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው፤ መስከረም ላይ ማስታወቂያ ስንለጥፍ ግን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከመጡትም ግማሾቹ ጆተኒ መስሏቸው ነው። አንዲት እናት ደግሞ ቢሮ ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ እኔ ልጄን ከፑል ቤት ስጎትት እናንተ ግቢ ውስጥ ልታስገቡለት ነው?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ከሩቅ ላየው ይመሳሰላል። ጉድጓድ አለ፣ ዙሪያውን የሚጮህ ወጣትም አለ። እዚህ ግን ዱላ የለም፤ የሚሠራው ጣት ነው። ገንዘብ ማስያዝ በክበባችን ክልክል መሆኑንም ነገርኳቸው። በወላጆች ቀን ራሳቸው ሰሌዳው ፊት ተቀምጠው ሁለት ጠጠር አስገብተዋል። ልጃቸው ግን አሁንም ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይፈራል።

ጨዋታው የህንድና የጎረቤቶቿ ነው። እዚያ ቤት ውስጥም መንገድ ዳርም ይጫወቱታል። ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ የተመሠረተውም በህንዷ ቼናይ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 ነው። ባሕር ዳር ካለው ግቢያችን የገባው አንድ ወላጅ ከህንዳዊ የሥራ ባልደረባቸው በስጦታ ያገኙትን ሰሌዳ ስላመጡልን ነው። እሱን እያየ አናጢ ሌሎች ሠራልን። ላዩ ኮምፔርሳቶ፣ ጠርዙ ዋንዛ ነው። መጫወቻው በየጎኑ 74 ሴንቲ ሜትር ነው። በአራቱ ማዕዘን ጉድጓድ አለ። የገባውን ጠጠር የሚይዝ ነገር ስናጣ፣ አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ተማሪ የአሮጌ መረብ ቁራጭ ከጣና ዳር አመጣ። ከስጦታው ሰሌዳ መረብ የእኛ ይበልጣል።

ለማያውቁት አጨዋወቱን ልንገራችሁ። ዘጠኝ ነጭ፣ ዘጠኝ ጥቁር፣ አንዲት ቀይ ጠጠር አለ። ቀይዋ ንግሥት ትባላለች፤ መሃል ላይ ትቀመጣለች። ሌሎቹ በሁለት ዙር ይከቧታል። ተጫዋቹ ከፊቱ በተሠመሩት ሁለት መሥመሮች ላይ መምቻውን ያስቀምጣል። መምቻው ከጠጠሮቹ ተለቅ ያለ ነው፤ በውድድር ሕግ ግን ከ15 ግራም መብለጥ የለበትም። ሁለቱንም መሥመር መንካት አለበት። ከዚያ በጣት ይፈነጠራል። መግፋት አይቻልም። ነጭ የደረሰው ይጀምራል። የራስህን ጠጠር ካስገባህ ትቀጥላለህ፣ ከሳትክ ተራው ያልፋል። የባላጋራህን ካስገባህ ለእሱ ተቆጠረለት፣ ተራህም ሄደ። መምቻው ራሱ ጉድጓድ ከገባ ፋውል ነው፤ ካስገባሃቸው አንዷ ወደ መሃል ትመለሳለች። ከወንበር መነሳትም የለም።

ቀድሞ የራሱን የጨረሰ ዙሩን ያሸንፋል። ነጥቡ ባላጋራው ሳያስገባ የቀረው ጠጠር ብዛት ነው። ንግሥቷን ያስገባው አሸናፊው ከሆነ ሦስት ነጥብ ይጨመርለታል። የየዙሩ ነጥብ ተደምሮ 25 የሞላለት ጨዋታውን ወሰደ። 22 ከደረስክ በኋላ ግን ንግሥቷ ነጥብ አትሰጥህም። ይህችን ሕግ ተማሪዎቹ አይወዷትም፤ እኔ እወዳታለሁ። ወደ ኋላ የቀረው ልጅ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ ታደርጋለች።

ዋናው ነገር ንግሥቷ ነች። እሷን ለማስገባት መጀመሪያ ቢያንስ አንድ የራስህ ጠጠር ገብቶ መሆን አለበት። ካስገባሃት በኋላ ደግሞ ወዲያው በሚቀጥለው ምት የራስህን ጠጠር ማስከተል አለብህ። ካልቻልክ ወደ መሃል ትመለሳለች። ልጆቹ ተከትላ የምትገባውን ጠጠር «አጃቢ» አሏት፤ ስሙ ጸና።

በሁለተኛው ሴሚስተር የመጨረሻ ግጥሚያ የሆነውን ብቻ ልጥቀስ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ጣቱ ጥይት የሆነ፣ ንግሥቷን ከመሃል አንስቶ ጥግ ከተታት። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። አጃቢ ግን አላዘጋጀም፤ ጥቁሮቹ በሙሉ ርቀው ነበር። ሳተ፤ ንግሥቷ ተመለሰች። ባላጋራው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነች። ሁለት ነጭ ቀርቷታል። ንግሥቷን ትመታለች ብለን ስንጠብቅ አንዷን ነጭ በቀስታ ነካ አድርጋ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆመቻት። «ለምን አታስገቢያትም?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ዝም አለች። ልጁ ተራው ሲደርሰው ያቺን ነጭ ከአፉ ገፍቶ ማራቅ ይችል ነበር፤ አላያትም። የራሱን ለማስገባት መትቶ ሳተ። እሷ ንግሥቷን አስገባች፣ የቆመችውን አስከተለች፣ የመጨረሻዋንም ጨመረች። አራት ጥቁር ቀርቶበት ነበር፣ ከንግሥቷ ጋር ሰባት ነጥብ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስለ ሁለተኛው ምት ስጨቀጭቅ የኖርኩት ለዚህ ነበር።

ጎበዝ የሚሆኑት የቼስ ልጆች ይመስሉኝ ነበር። ቶሎ የገባቸው ግን ብይ ሲጫወቱ ያደጉት ናቸው። ጣታቸው ርቀት ያውቃል። ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር ነው። ጣትህን ከሩቅ አታምጣ፤ መምቻውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ልቀቀው። አለዚያ ጥፍርህ ይቀምሳታል።

የሒሳብ መምህር ነኝና ጠርዝ ላይ ስለሚነጥረው ምት ሳላወራ አላልፍም። መምቻው ጠርዙን በመታበት ማዕዘን ነው ወደ ሌላው ወገን የሚሄደው። በፕሮትራክተር ለካነው። ቀስ ብሎ ሲመታ ልክ ነበር ማለት ይቻላል። ሲሽከረከር ግን መንገዱ ይለወጣል፤ ልጆቹም ደስ ያላቸው ይኸው ነው። ስምንተኛ ክፍል ያሉት ከዚያ በኋላ ማዕዘን ሳስተምር ያንቀላፉ አላየሁም።

የከሰዓቱ የሐይቅ ነፋስ ትንሽ አስቸግሮናል። ጠጠሩ እንዲንሸራተት ሰሌዳው ላይ ፓውደር ይነሰነሳል፤ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ፓውደሩ ፊታችን ላይ ነው። አንዳንድ ልጆች ስላስነጠሳቸው በበቆሎ ስታርች ተካነው። እሱንም በጨርቅ ቀባ አድርጎ መጥረግ ነው፤ ብዙ ከሆነ ጠጠሩን ያቆመዋል።

ቤት ለመለማመድ ሰሌዳ የግድ አይደለም። ለስላሳ ወለል፣ በኖራ የተሠመረ መሥመርና የሁለት ዓይነት ለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ይበቃል። ዳማ ላይ አንዱ ቆርኪውን ገልብጦ ይጫወታል፤ ለዚህ ግን ሁሉም ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ አይንሸራተትም።

ክረምቱ ሲገባ እርጥበት ኮምፔርሳቶውን እንዳያጎብጠው ሰሌዳዎቹ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጋድመው ይቆያሉ። በላያቸው መጽሐፍ ባይደረደር ጥሩ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ነግሬያለሁ። አዲስ ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ሁሉ መግባት ይችላል። የራሱን ስታርች ይዞ ለሚመጣ ቅድሚያ እንሰጣለን።