«ቲቸር፣ የአየር ነው እኮ!»
የጉዞና ተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮውን ዘገባ ከማንቆርቆሪያ ልጀምር። ክበባችን ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ አንዲት የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ አለች። ሆዷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ስርጉድ አለባት። የዓመቱ ሥራችን ግማሹ የመጣው ከዚያች ስርጉድ ነው።

ኅዳር ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ የአንድ ተማሪያችን ቤተሰብ ማሳ ጫፍ ላይ ድንኳን ተክለን አደርን። 22 ልጆች፣ ሁለት መምህራን። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ድንኳኑ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ነጋ። ሁሉም እሳቱን ከቦ ሻይ ይጠብቃል። እኔ ጭራሮ ልለቅም ዞር አልኩ። ቀጭን «ጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የብረት ድምፅ፣ ቀጥሎ ጩኸት።

አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ የአጎቱን የአየር ጠመንጃ (በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር የሚተኩሰውን) በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አምጥቶ ኖሯል። ድንጋይ ላይ ያቆማትን የቲማቲም ጣሳ ሊመታ ተኮሰ። ጣሳዋን ሳታት። ጥይቷ፣ ማለትም እርሳሷ፣ ከድንጋዩ ነጥራ ተመለሰችና ማንቆርቆሪያዋን አገኘቻት። ማንቆርቆሪያዋን የያዘችው ልጅ ፊት ከስርጉዷ ሁለት ስንዝር አይርቅም ነበር።

ልጁን ስጠራው «ቲቸር፣ የአየር ነው እኮ!» አለኝ። መቆጣቴ የገረመው ይመስል ነበር።

ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ጓዙን ሳላይ መኪና ላይ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ላብ የሚያጠምቀኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በመንገዳችን ኬላ ላይ ቢፈተሽስ? ከሩቅ ለሚያይ ሰው የአየር ይሁን ክላሽ ምኑ ይለያል? በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ በልጆች ጓዝ ውስጥ!

ሆኖም ልጁ ያለውን ሁላችንም እናስባለን። ጥምቀት ላይ ኢላማ የሚያስተኩሱ ልጆች አሉ፤ ከፍለህ ትተኩሳለህ፣ ብትስት ይሳቅብሃል፣ አበቃ። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱም ትንሽ ይመስለናል።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ሰኞ ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። ግማሽ ግራም የምትመዝን 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ በሰከንድ 170 ሜትር ብትወጣ፣ ጉልበቷ ወደ 7 ጁል ይጠጋል። ግማሽ ኪሎ ድንጋይ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እርሳሷ ያን ሁሉ የምታሳርፈው የምስር ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ ነው። ዓይን ላይ ስትሆን ምን እንደምታደርግ ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞ ጠንካሮቹ የአየር ጠመንጃዎች ከዚህ በላይ ይተኩሳሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ እርሳሷን የሚገታት ነገር እዚህ ያንሳል። ባዶ ሜዳ ላይ ዒላማዋን የሳተች እርሳስ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ልትሄድ ትችላለች። ያ ሁሉ ሜዳ ደግሞ እረኛ አያጣም።

ጠመንጃውን ለአጎትየው መልሰን ጉዳዩን መዝጋት እንችል ነበር። ክበቡ ውስጥ ተከራከርንበት። ብንከለክላቸው ከኛ ዓይን ውጭ ይተኩሳሉ፣ በሥርዓት ማስተማር ይሻላል የሚል ሐሳብ አሸነፈ፤ እኔም በዚያ ወገን ነበርኩ። ርእሰ መምህሩን አስፈቀድን፣ ፖሊስ ዘንድ ሄደን አስታወቅን፣ ለወላጅ ደብዳቤ ላክን።

አንዲት እናት ደብዳቤውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ጠመንጃ ጠፍቶ ነው እናንተ የምትጨምሩት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ልጃቸው እንዳትተኩስ ተስማማን። መዝገብ ያዥ ሆነች።

ያስተማሩን የግቢያችን ጥበቃ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ከመሣሪያ ጋር ነው የኖሩት። የመጀመሪያ ቀን ምንም ጠመንጃ አልያዙም። ለልጆቹ የመጥረጊያ እንጨት ሰጧቸውና በግቢው አስዞሯቸው። የእንጨቱ አፍ ወደ ሰው የዞረበት ልጅ ይቀመጣል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተቀመጡ። «ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ነው» አሉ ጋሼ። «ጎራሽ መሆኑን ያወቀማ ይጠነቀቃል።»

ሦስት ሳምንት በመጥረጊያ እንጨት ሄደ። ልጆቹ ተነጫነጩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ አበዙት ብዬ ነበር። እውነተኛው ሲመጣ ግን ማንም ቃታ ላይ ጣቱን ሳያስፈልግ አላሳረፈም። የአጎትየው ጠመንጃ አፈሙዙ የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ተራው ያልደረሰ ሰው ታጥፎ እንደተከፈተ ያስቀምጠዋል፤ አለመጉረሱ ለሁሉም ይታያል። ሲታጠፍ አፈሙዙን በእጅ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካመለጠ ጣት ይበላል።

ሚያዝያ ላይ ያንኑ ማሳ ይዘን አደርን። በዚህ ጊዜ ጓዙን አንድ በአንድ አየሁ። ጠመንጃውን ከነሣጥኑ አጎትየው ራሳቸው በመኪናቸው አመጡ፤ እርሳሱ ለብቻው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። የተኮስነው አፈር ተቆፍሮ የወጣበት ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነው፤ ከኢላማው ጀርባ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ግድግዳ። ከፊቱ አፈር የሞላናቸው ማዳበሪያዎች ደረደርን። ድንጋይ በዙሪያው ካለ አስለቀምን፣ ጣሳና ጠርሙስ ከለከልን። ወረቀት ብቻ። ዓይን ላይ ብረት ሲሞረድ የሚደረገው ነጭ መነጽር፤ ከጎረቤት ብረት ሠሪ ተውሰን።

ርቀቱን 10 ሜትር ያደረግነው ኦሊምፒክ ላይ እንዲያ ስለሆነ ነው። የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው ኦሊምፒክ የገባው። የኢላማው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሆነች ስነግራቸው አላመኑኝም። እኛ የሽሮ ሰሐን የሚያህል ክብ ስለን ግማሹ ሳተው።

አንድ ነገር እኔም ያኔ ነው የነቃሁት። ምሳ በሶና ቆሎ ነበር። እርሳስ ሲያጎርሱ የዋሉ ጣቶች ቀጥታ ወደ ቆሎው ሊገቡ! እርሳስ መርዝ ነው። የጀሪካኑ ውሃ እስኪያልቅ እጃቸውን በሳሙና አስታጠብናቸው።

ወፍ ላይ መተኮስ ክልክል ነው ስንል ግን ተቃውሞ መጣ። «በወንጭፍ ስንመታ ኖረን የለ?» አለ አንዱ። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ሴሪን የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ እንዳለች ነገርኳቸው። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ስሟም የአንኮበር ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ድንቢጥ መስላው አንዱ እረኛ ቢጥላት ማን ያውቃል? ተቃዋሚያችን ዝም አለ፤ ወንጭፉን ግን አላስረከበም።

ሌላውን ሥራ ባጭሩ ልናገር። ግንቦት ላይ መንዝ ጓሳ ሄደን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አየን፤ ሕዝቡ ሣሩን ቄሮ በሚሉት የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት እንዴት እንደጠበቀ ሰማን። እዚያ ጠመንጃ የሚባል ነገር አልያዝንም። ከተከልናቸው የፅድ ችግኞች ፍየል ያልደረሰባቸው ቆመዋል።

ወደ ሚያዝያው ልመለስ። የአጎቱን ጠመንጃ ያመጣው ያ ልጅ ኢላማውን አንዴም አልመታም። መስመሩን ግን እንዲቆጣጠር ጋሼ ሾሙት። ወላሂ እንደሱ ያለ አለቃ አይቼ አላውቅም፤ ቢራቢሮ ባለፈች ቁጥር «አቁም!» ይላል። መዝገብ ያዥዋ ልጅ ደግሞ ሁሉንም ትጽፋለች። ማታ መዝገቡን አገላበጥኩ። የተተኮሰ፦ 88። ወረቀቱን የመታ፦ 41። ማስጠንቀቂያ፦ አንድ። ከሥሩ በእጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ይላል፦ «ለቲቸር። መነጽር ሳያደርጉ መስመሩን አለፉ።»