ሺፍት ተጭኜ ስክሪፕቱ የማያየኝ ለምንድን ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ስለ ሊኑክስ ስትጽፉ አንዲት ነገር ሳትነኳት ታልፋላችሁ፣ እኔን ደግሞ አንድ ምሽት ሙሉ ያደረቀችኝ እሷው ናት። የፋይል መጠባበቂያ የሚሠራ ስክሪፕት (ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል) አለኝ። ዝም ብዬ ስከፍተው ሥራውን እንዲጀምር፣ ሺፍት ተጭኜ ስከፍተው ግን መጀመሪያ ምርጫ እንዲያቀርብልኝ ፈለግሁ። ቀላል ይመስላል አይደል?

መጀመሪያ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ከተርሚናሉ፣ ለማንበብ ሞከርኩ። ጅልነት ነበር። ተርሚናል የሚደርሰው ፊደል ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም፣ ሺፍት ብቻውን ሲጫኑት አንዲት ባይት እንኳ አይልክም። ደግሞ ስክሪፕቱ ሲነሳ ጣቴ ቀድሞ ቁልፉ ላይ ነው፣ ስለዚህ «ተጫነ» የሚለውን ዜና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ አሁን ተጭኗል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ያለበት።

መስኮቶችን በሚያሳየው የቆየ የሊኑክስ ሥርዓት፣ በኤክስ 11 ላይ፣ የመዳፊቱን ቦታ ስትጠይቁ የቁልፎቹም ሁኔታ በቁጥር አብሮ ይመጣል። ሺፍት 1 ነው፣ ካፕስ ሎክ 2፣ ኮንትሮል 4። እኔ «1 ነው?» ብዬ ስጠይቅ 17 ይመጣልኛል! ለካ ነም ሎክ በርቶ 16 ጨምሮበት ኖሯል። ድምሩ ከ1 ጋር እኩል ነው ወይ ሳይሆን፣ በውስጡ የሺፍትን ድርሻ (ቢቷን) ለይቶ ማየት ነው የሚያዋጣው።

ኤክስ 11ን እየተካ ያለው አዲሱ ሥርዓት፣ ዌይላንድ፣ ግን ይህን አይፈቅድም። መስኮቱ ፊት ለፊት ላልሆነ ፕሮግራም የኪቦርዱን ነገር አይናገርም፣ የይለፍ ቃሌን ማንም እንዳይሰልለው ስለሆነ አልቀየመውም። ያኔ የሚቀረው የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ መጠየቅ ነው። ኢቪቴስት የሚባለው መሣሪያ ቁልፉ ተጭኖ ከሆነ 10፣ ካልሆነ 0 ይመልሳል። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ሼል፣ ደግሞ 0ን «ተሳካ» ብሎ ስለሚያነበው ሁኔታው ይገለበጥባችኋል፣ ተጠንቀቁ። ፈቃድም ይጠይቃል። ብዙዎች ተጠቃሚውን ኪቦርድና መዳፊትን ማንበብ በተፈቀደለት ኢንፑት ቡድን ውስጥ ጨምሩት ይላሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ከዚያ በኋላ በስማችሁ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ የምትጽፉትን ማንበብ ይችላል። ለዚያች አንድ ትእዛዝ ብቻ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃው) መፍቀድ ይሻላል።

ጥያቄውን ደግሞ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ አድርጉት። እኔ ከሌላው ሥራ ኋላ አስቀምጬው፣ ስክሪፕቱ እዚያ እስኪደርስ ጣቴን አንስቼ ጨርሼ ነበር።

አንባቢያችሁ ነኝ