ግልጽ ደብዳቤ ለከተማችን ከንቲባ፦ ካሳው ሳይከፈል ቤቱ ለምን ፈረሰ?

ይድረስ ለከተማችን ከንቲባ

ክቡር ከንቲባ፣ ማመልከቻዎቻችን እጅዎ ላይ ስላሉ ጉዳዩን ከሀ ጀምሬ አላስረዳዎትም። ለመሬት ክፍሉ ጽፈናል። ለቅሬታ ሰሚው ጽፈናል። በባለጉዳይ ቀን ደጅዎ ላይ ተሰልፈን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለን ተመልሰናል። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። አሁን የቀረኝ በአደባባይ መጻፍ ነው።

ከመናኸሪያው እስከ አደባባዩ ባለው ዋና መንገድ ላይ ለኮሪደር ልማት፣ መንገዱን ለማስፋትና ዳርቻውን ለማስዋብ ተብሎ፣ ብዙ ቤት ፈርሷል። ሁሉንም መዘርዘር አልችልም። በደንብ ስለማውቀው ስለ አክስቴ ቤት ልንገርዎት።

አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ቤቷ ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ ነበር። ካርታ አላት። የዓመት ግብሯን አጓድላ አታውቅም፤ የድሮዎቹ ደረሰኞች ቀለማቸው ጠፍቶ እንኳ በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜትር የያዙ ልጆች መጥተው ግድግዳዋ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። «ምንድን ነው ልጆቼ?» ብትላቸው «አዳራሽ ስትጠሩ ይነገራችኋል» አሏት።

አዳራሽ ተጠራን። የተጠራነው ለውይይት መስሎን ነበር፤ የጠበቀን ግን ያለቀ ውሳኔ ነው። በስክሪን ላይ የብስክሌት መንገድ፣ ባለ ብዙ አምፖል የመብራት ምሰሶና ፏፏቴ አሳዩን። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ካሳው ስንት ነው? መቼ ነው የሚከፈለው?» ብለው ጠየቁ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰው «ልማት ይቃወማሉ እንዴ?» ብለው አስቀመጧቸው። እርስዎም እዚያው ነበሩ። ሰምተው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ነው። መጀመሪያ ቆጣሪው ተነቀለ፣ ቀጥሎ ውሃው ተቆረጠ። ዶዘሩ የመጣ ጠዋት አክስቴ ገና መደርደሪያዋን እያወጣች ነበር። የስኳርና የጨው ከረጢቶች አስፋልቱ ዳር ተከምረዋል። የዘይት ጀሪካኖቹን የሰፈር ልጆች እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ማሽኑ የሱቁን በር ከነመቃኑ ሲገፋው ሚዛኗ ውስጥ ነበር። «ሚዛኔን! ሚዛኔን!» ስትል የሰማት የለም። ካሳው የት አለ ስንል «በጀት ሲለቀቅ» ተባልን። ክረምቱ አልፎ በጋው ገብቷል፤ ያ በጀት እስካሁን አልተለቀቀም። ለዶዘሩ ነዳጅ በጀት ነበር። ለኮብልስቶኑም ነበር።

ክቡር ከንቲባ፣ ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ከፍሎ እንደሆነ ይናገራል። በ2011 ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አማክሩ ይላል። ምትክ ቦታ የተሰጠው ሰው ቤት ሠርቶ እስኪገባ ድረስ የ2 ዓመት የቤት ኪራይ ይታሰብለታል፣ ወይም ነጻ መኖሪያ ይሰጠዋል ይላል። አክስቴ ዛሬ በልጇ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው። የኪራይ ገንዘብ የሚባል ነገር አልደረሳትም። ምትክ ተብሎ የታያት ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የእርሻ ማሳ ነው። መብራት የለውም፣ ውሃ የለውም፣ ዝናብ ሲጥል ባጃጅ አይገባበትም። እዚያ ሱቅ ከፍታ ለማን ትሽጥ?

ግምቱንም እናንሳው። የግምት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቆርቆሮው ብዛት፣ የጭቃው ግድግዳ ስፋት፣ በርና መስኮቱ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለቦታው ዋጋ አይታሰብም። እሺ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ግን ያው ቦታ ነገ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ በካሬ ሜትር ዋጋ ይቆረጥለታል፤ መሀል ከተማ በመሆኑም ከዳር ቦታ ብዙ እጥፍ ይጠራል። ያንን ቦታ ገበያ ያደረጉት እኮ እዚያ ቁጭ ብለው የነገዱት ሰዎች ናቸው። መንገዱ ፒስታ በነበረበት ጊዜ፣ ባለሀብት የሚባል ሰው ዞር ብሎ ሳያየው፣ ሱቃቸውን ከፍተው የጠበቁት እነሱ ናቸው። የቦታው ዋጋ ከፍ ሲል ለእነሱ የደረሳቸው የጭቃና የቆርቆሮ ሒሳብ ነው። እሱም ገና አልተከፈለም።

የአክስቴ በረንዳ ላይ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ይዘው ዕድሜያቸውን እዚያች በረንዳ ላይ የፈጁ አባት ናቸው። የከተማው ልጅ ሁሉ ዩኒፎርሙን እሳቸው ጋ አሰፍቷል። ካርታ የላቸውም፣ የኪራይ ውል የላቸውም፣ ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ የሉም። ሲፈርስ ሲንጀራቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። አሁን ከገበያው ጀርባ ሸራ ወጥረው ተቀምጠዋል፤ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ያነሳቸዋል። በየበረንዳው እንደሳቸው ያሉ ጫማ ሰፊዎች፣ ሰዓት ሠሪዎች፣ ሻይ የሚያፈሉ እናቶች ነበሩ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «የት ትሄዳላችሁ?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልናገር። እኛ «አትንኩን» አላልንም። መንገዱ መስፋት ነበረበት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ሱቅ ውስጥ ሲገባ የምንቀዳው እኛው ነን። አዋጁ በአንቀጽ 7 ላይ ነባር ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በጋራ መሬታቸውን ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ይህን አንብበን ጎረቤቶች ተሰባሰብን። ይዞታችንን አንድ ላይ አድርገን፣ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያና ቢሮ የሚሆን ፎቅ በጋራ እንሥራ ተባባልን። ከፊሉ ከቁጠባ፣ ከፊሉ ውጭ አገር ካሉ ልጆች፣ የቀረው ከባንክ ብድር ይሟላል ብለን አሰላን። ማመልከቻውን ሁላችንም ፈርመን አስገባን። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ ተቀብሎናል። ቅጂው እጄ ላይ ነው።

መልስ አልመጣም። «አይሆንም» እንኳ አልተባልንም። ቤቱ ፈረሰ፤ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። አሁን በአጥሩ ውስጥ የሚገቡና የሚወጡ፣ በመኪና መጥተው ቦታውን በጣታቸው የሚጠቁሙ ሰዎች እናያለን። ለማን ተሰጠ ብለን ስንጠይቅ የመሬት ክፍሉ «በሂደት ላይ ነው» ይላል። የምን ሂደት? ቅድሚያ ያለን እኛ ሳንጠየቅ ከማን ጋር የሚደረግ ሂደት ነው?

በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ «ከሌሎች ከተሞች እንዳንቀር» የሚል ፉክክር ይዞ እንደመጣ እናውቃለን። የምረቃ ቀን ተቆርጦልዎ ይሆናል። ከላይም ይገፉዎት ይሆናል። ይህ ግን የአክስቴን ገንዘብ ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም። ገንዘብ የሌለው ከተማ በልኩ ያፍርስ፤ ዘንድሮ መክፈል የሚችለውን ያህል ያፍርስ፣ የቀረውን ለከርሞ ያቆየው። መንገድ አንድ ዓመት ቢዘገይ የሚሞት ሰው የለም። ሱቋ በፈረሰባት ሴት ቤት ግን አንድ ዓመት ያለ ገቢ መክረም ምን እንደሆነ መጥተው ይዩት።

አሁን የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ለፈረሱት ቤቶች የተገመተው ካሳና የ2 ዓመቱ የኪራይ ገንዘብ ሳይውል ሳያድር ይከፈል። የዘገየው ክፍያ በዛሬው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ እንደገና ይታሰብ፤ ባለፈው ዓመት ዋጋ ዛሬ አንድ ክፍል ቤት አይሠራም። የበረንዳ ሠራተኞቹ ስም ይመዝገብና መሀል ከተማው ውስጥ መሥሪያ ቦታ ይሰጣቸው። በጋራ እናልማ ላልነው ማመልከቻ በጽሑፍ መልስ ይሰጠን፤ ካልፈቀዱም ምክንያቱን ጽፈው ይፈርሙበት፣ እኛም ይግባኝ የምንልበት ወረቀት ይኑረን። እስከዚያ ድረስ የታጠረው ቦታ ለማንም አይተላለፍ፣ ለጨረታም አይውጣ።

የማመልከቻውን ቅጂና የአክስቴን የግምት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለክልሉ የእንባ ጠባቂ ቅርንጫፍ ልኬያለሁ። የርስዎን መልስ የምጠብቀው በጽሑፍ ነው።

የከተማው ነዋሪ