ቦርከና ሽቅብ አይፈስም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ቆቃ ግድብ እርጅና ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን እውነት እንዲህ ተብሎ ተጽፏል ወይ ብዬ ነው። አብዛኛው ልክ ነው፤ አልዋሽም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም ሥራ መጀመሩ፣ 43 ሜጋ ዋት ገደማ የማመንጨት አቅም ያለው መሆኑ፣ ከሥሩ የሚወርደው አዋሽ አዳማን አጠጥቶ የወንጂን ሸንኮራ ማብቀሉ፣ ሆዱንም ደለል እየሞላው መሆኑ። እሺ። ታዲያ «ከወሎ ተራሮች ታጥቦ የሚገባው አፈር» የምትለዋ ነገር ምን ልታደርግ መጣች?

እኔ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ቦርከና ወንዝ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ከደሴ በኩል ይመጣል፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለላል፣ አዋሽን የሚያገኘው ግን ከቆቃ ብዙ ርቆ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ነው። ሌላው የወሎ ወንዝ፣ ሚሌማ፣ ከዚያም ወዲያ ነው። ቆቃን የሚሞሉት ከጊንጪ በኩል የሚወርደው አዋሽና የሞጆ ወንዝ ናቸው። የኛ አፈር እዚያ እንዲገባ ወይ ወንዙ ሽቅብ ይፍሰስ፣ ወይ በሲኖትራክ ጭነን እንውሰደው። ናፍጣው ደግሞ አይቀመስም።

አፈራችን አይታጠብም አላልኩም። ክረምት ላይ ቦርከና የቡና አተላ መስሎ ነው የሚወርደው። መክሰስ ካማራችሁ ግን አፋር ባለው የተንዳሆ ግድብ ላይ ክሰሱን፣ እዚያ እንኳ እንገናኛለን።

የከነከነኝ ሌላ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ እርከን ሲሠራ ነው ወገቡ የጎበጠው። ደመወዙ ስንዴና ዘይት ነበር። ጆንያ አጣጥፎ ትከሻው ላይ ያደርግና ድንጋዩን በዚያ ላይ ይሸከማል፤ ማታ ማታ እናቴ የተላጠውን ቦታ ቅቤ ትቀባዋለች። ከዘይቱ ጣሳዎች አንዷ ዛሬም ቤታችን አለች። ከበርሜል ውኃ እንቀዳባታለን፣ ምክንያቱም ቧንቧችን ብቅ የሚለው ሲያሰኘው ነው፣ እሱም ሌሊት። የግድቡን ተጠቃሚ ስትዘረዝሩ ወሎ የሚል አላየሁም፤ ጥፋቱ ላይ ስትደርሱ ግን ስማችን ወዲያው ትዝ አላችሁ! ኧረ ወላሂ ይገርማል።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን አውጡልን። ካርታ ከቸገራችሁ የልጄን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ፣ መብራት ሲመጣ።

ከኮምቦልቻ