ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም አትሙልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ኮምቦልቻ ላይ ስለተካሄደው የተማሪዎች የቼዝ ውድድር ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩት። ማን ስንተኛ እንደወጣ፣ ዋንጫውን ማን እንዳስረከበ ተጽፏል። ጨዋታ ግን አንድም የለበትም። እኔ በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ፣ አጠገቡ ቆሜ ያየሁት ጨዋታ «ተሸነፈች» በሚል አንድ ቃል ታልፏል።

ልጅቷ የደሴ ተማሪ ናት፤ ጥቁር ደርሷት ነበር። የኮምቦልቻው ልጅ በጣሊያን መክፈቻ ጀመረ። እሷ ሁለቱንም ፈረሶቿን ስታወጣ እሱ በአራተኛው እርምጃ ፈረሱን ጂ5 በተባለችው የሰሌዳ ቤት ላይ አውጥቶ ኤፍ7ን አነጣጠረ፤ ያቺን ቤት ከንጉሡ በቀር የሚጠብቃት የለም። ወታደሯን ወደ ዲ5 ገፋች፣ በላባት። እዚህ ላይ የጀማሪ እጅ የሚቸኩለው በፈረስ መልሶ ለመብላት ነው። ያኔ ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል፤ ንጉሡ ሲበላው ንግሥቲቱ ከኤፍ3 ቼክ ትላለች፣ ንጉሡም ዲ5 ላይ ያለውን የራሱን ፈረስ ላለማስበላት ሰሌዳው መሐል ይወጣል። ፖሌሪዮ የተባለ ጣሊያናዊ ይህንኑ በፈረንጆች 1610 ገደማ ሮም ላይ ተጫውቶታል። እስከ ዛሬ የምናውቀው ስለተጻፈ ነው።

ልጅቷ ግን ፈረሷን ወደ ዳር፣ ወደ ኤ5 ወሰደችው። ከኋላዬ አንድ ሰው «ፈረስ እንዴት ዳር ይወጣል!» ሲል ሰማሁ። ትክክለኛው እርምጃ እሱ ነው! የልጁን ጳጳስ አስነሳችበት፤ ወታደሯን ብታጣም አጥቂዋ እሷ ሆነች። እስከ አሥረኛው እርምጃ ልጁ ያንኑ አንድ ፈረስ አራት ጊዜ አንቀሳቅሷል፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያባረረችው እሷ ናት። የተሸነፈችው መጨረሻ ላይ፣ ሰዓቷ ሲያልቅባት ነው።

አያቴ ባስተማሩኝ ሰንጠረዥ፣ በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ መክፈቻው «ወረራ» ይባላል፤ አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ያን ማንስ ደርሶበት ይጽፈዋል? ቼዝ ግን በተራ ነው፤ በመደበኛ ውድድር ደንብም ተጫዋቾቹ እርምጃቸውን መመዝገብ ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ አለ። ውድድሩ ሲያልቅ ግን ወረቀቶቹ ከወንበር ሥር ወድቀው ሲረገጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጅግ አዝኛለሁ።

ከየውድድሩ አንድ ጨዋታ ከነእርምጃው አትሙልን፤ ትንሽ ዓምድ ይበቃዋል። የልጅቷን ወረቀት አስፈቅጄያት ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ሠላሳ ስምንት እርምጃ ነው።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ፒያሳ